ወንድ ልጅ በፎቶግራፍ ሲያለቅስ

በየቤታችን ያለውን የፎቶግራፍ አልበም ገልጦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሴቶቹ አልፎ አልፎ ፈገግ ይላሉ፤ ሕፃናቱም ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይሥቃሉ፤ ወንዶቹ ግን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያላቸው ፊት አንድ ብቻ ነው። ደረት ተነፍቶ፣ አገጭ ቀና ብሎ፣ ግንባር ተኮሳትሮ፣ አንድ እጅ በወንበር መደገፊያ ላይ ተጥሎ ሲታይ፣ ባለ ፎቶግራፉ የጦር አዛዥ ይሁን የመጋዘን ጠባቂ ለመለየት ያስቸግራል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ዕለት ያንኑ ፊት ለብሰን ተነሥተናል። ካባው የኪራይ፣ ከረባቱ የወንድም፣ ጫማው የጓደኛ ነበረ፤ የራሳችን የነበረው መኮሳተሩ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ቃል ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም ያልሰማ ወንድ በመካከላችን የለም። ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ሕፃን በዚህ ቃል ዝም ይላል፤ ዐድጎ ደመወዙ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅበትም ይኸው ቃል ትዝ ይለዋል። የቤት ኪራይ ቢጨመርበት፣ እናቱ ከአገር ቤት የጤፍ ዋጋ ናረ ብላ ብትልክበት፣ ያጫት ልጅ አባት «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የደከመበት ሥራ በሌላ ሰው ስም ቢያልፍ፣ መልሱ «ምንም አይደል» ነው። ፎቶግራፍ አንሺውም «ቆፍጠን በል!» ይለዋል እንጂ «ምን ሆነሃል?» ብሎ አይጠይቀውም።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣቸው ያሰብናቸው ሰዎች «ምን ሆናችኋል?» ተብለው ሳይጠየቁ፣ በገዛ ፈቃዳቸው በካሜራ ፊት ቆመው የወንድነትን ጣጣ በቀልድ የተናገሩ ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ፎቶግራፍ ራሱ ወደ ተወለደበት ዘመንና ወደ ፓሪስ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ኢፖሊት ባያር የሚባል ጸሐፊ ነበረ። በ1801 የተወለደ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ ውሎ በትርፍ ሰዓቱ ብርሃንን በወረቀት ላይ ለማስቀረት የሚደክም ሰው ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለ ሆኑ ይህን ሰው እንደ ባልደረባ ቢቆጥሩት አንቃወምም። አባቱ የአጥቢያ ዳኛ ሲሆን የጓሮ አትክልት ይወድ ነበር፤ ገና በዛፉ ላይ ባለ የኮክ ፍሬ ላይ በፊደል ቅርጽ የተቈረጠ ወረቀት እየለጠፈ፣ ፀሐይ የቀረውን ቆዳ እንድታቀላው ያደርግ ነበር ይባላል። ልጁ ብርሃን ሥዕል መሣል እንደሚችል የተረዳው ከዚያ ነው የሚሉ አሉ።

በጃንዋሪ 1839 ፍራንሷ አራጎ የሚባለው ታላቅ ሊቅና የሕዝብ እንደራሴ፣ ሉዊ ዳጌር ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል የሚያስቀር ዘዴ ማግኘቱን ለሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። ባያር ይህን በሰማ ጊዜ ተጣድፎ በራሱ መንገድ ሠራ። የእርሱ ዘዴ ሰሌዳ ሳይሆን ተራ ወረቀት የሚፈልግ፣ ሥዕሉም በቀጥታ ከካሜራው የሚገኝ ነበር። በሜይ ወር ሥራውን ለአራጎ አሳየው። በጁን 24 ቀን ደግሞ በማርቲኒክ ደሴት በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጐዱ ሰዎች ርዳታ ለማሰባሰብ በተደረገ ትርኢት ላይ 30 ፎቶግራፎቹን ለሕዝብ አቀረበ። የፎቶግራፍ ሥራ በሕዝብ ፊት የቀረበበት የመጀመሪያው ትርኢት ያ እንደ ሆነ ይነገራል።

አራጎ ግን አስቀድሞ የዳጌርን ነገር ይዟል። ስለዚህ ለባያር የተሻለ መሣሪያ መግዣ 600 ፍራንክ አሰጠውና ዘዴውን ከማስታወቅ ለጊዜው እንዲቈይ አግባባው። መንግሥት በበኩሉ ለዳጌር በያመቱ 6,000 ፍራንክ፣ ለሟቹ ሸሪኩ ለኒየፕስ ልጅም 4,000 ፍራንክ የዕድሜ ልክ አበል ቈረጠላቸው። በኦገስት 19 ቀን ዘዴው ለዓለም ሲገለጥ ዳጌር የፎቶግራፍ አባት ተባለ፤ ጸሐፊው ባያር ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። «ጉዳዩ፦ የተፈጸመብኝን በደል ስለ ማመልከት» ብሎ ከላይ ያሰምርበታል፤ ከታች ግልባጩ ለእነ እገሌና ለእነ እገሌ እንዲደርስ ይዘረዝራል። ማመልከቻው ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቀን ይጻፍበታል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመራ ኖሮ በመጨረሻ መዝገብ ቤት ገብቶ ያርፋል። ይህን መንገድ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል።

ባያር ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ነውና የማመልከቻን ዕድል ከማንም በላይ ሳያውቅ አይቀርም። በኦክቶበር 1840 ካሜራውን ደግኖ ራሱን ገደለ፤ ማለት በፎቶግራፍ ገደለ።

ፎቶግራፉ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሰው ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ከወገቡ በታች በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ፣ ወደ ጐን ዘንበል ብሎ ተደግፏል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹ በጭኑ ላይ ተጣጥፈዋል። በአጠገቡ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ተሰቅሏል፤ ትንሽ ሐውልትና የአበባ ማስቀመጫም ይታያሉ። ፊት ለፊቱን ብቻ ለሚያይ ሰው፣ ከወንዝ ወጥቶ ዘመድ የሚጠብቅ ሬሳ ነው። ጀርባውን የገለበጠ ግን ባያር ራሱ የጻፈውን ቃል ያገኛል። በራሳችን አነጋገር ስናሳጥረው፣ ይህ የምታዩት የሙሴ ባያር ሬሳ ነው ይላል። ዘዴውን አካዳሚውም ንጉሡም ያዩትም ሁሉ አደነቁለት፤ ክብር አገኘበት፤ ሳንቲም ግን አላገኘበትም። ለሙሴ ዳጌር እጁ የተፈታው መንግሥት ለሙሴ ባያር ምንም ማድረግ አልችልም ስላለው፣ ምስኪኑ ሰው ራሱን ውኃ ውስጥ ጣለ። በሬሳ ማቆያው ብዙ ቀን ሲተኛ የእኔ ነው ብሎ የወሰደው አልተገኘም። በመጨረሻም ፊቱና እጆቹ መበስበስ ጀምረዋልና ሽታው ሳያውካችሁ ቶሎ ብላችሁ እለፉ ሲል ተመልካቾቹን ይመክራል።

በእርግጥም ፊቱና እጆቹ ከሌላው ገላው ይልቅ ጠቍረው ይታያሉ። ልብስ የማይሸፍናቸው ስለ ሆኑ ፀሐይ አጥቍራቸው እንጂ በስብሰው አይደለም፤ ሰውዬው ያችን እንኳ ለቀልዱ ሳይጠቀምባት አልቀረም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቆየት ግድ ስለ ነበረ፣ ዓይንን መጨፈን ለሬሳነት ብቻ ሳይሆን ሥዕሉ በመርገብገብ እንዳይበላሽም ይረዳል። ሙሴ ባያር ሞቶ መነሣቱ ሁለት ጥቅም አስገኝቶለታል ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት የሥራው ብልኀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ባያር ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ ቢነሣ ኖሮ፣ ባልደረቦቹ «ምነው እንደ ሴት?» ይሉት ነበር። ተቈጥቶ ጡጫውን ጨብጦ ቢነሣ ደግሞ አለቆቹ ይታዘቡት ነበር። «ሞቻለሁ» ሲል ግን ማንም ሊቈጣው አይችልም፤ ሬሳ አይከሰስምና። የሣቀውም ሰው ሣቁን ሳይጨርስ 6,000ና 600 ፍራንክን በልቡ እያነጻጸረ ይሄዳል። ዛሬ ሊቃውንቱ ሐሳባዊ ፎቶግራፍ የሚሉት ነገር ይኸው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በመንገድ ያገኘውን አይቀዳም፤ አስቀድሞ ሐሳቡን ያስባል፣ ለሐሳቡ ልብስና ዕቃ ያዘጋጃል፣ ካሜራው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የሐሰት ፎቶግራፍ ነው እንዳይባል ሰውየው በእውነት ተበድሏል፤ እውነት ነው እንዳይባልም በማግሥቱ ቢሮው ገብቶ ፈርሟል ብለን እንገምታለን።

ሰምጦ ሞተ የተባለው ባያር እስከ 1887 ኖረ። ዳጌር ከሞተ በኋላ እንኳ 36 ዓመት ቈይቷል። በ1851 መንግሥት የአገሩን ጥንታዊ ሕንፃዎች ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ከላካቸው አምስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ በ1863ም የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ። ይህን የጻፍነው ማመልከቻ ለያዙ አንባቢዎች ማጽናኛ ይሆናል ብለን ሳይሆን ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ ወደ 1960ዎቹ ዓመታት ዘልለን እንሂድ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሥዕልን ከቀለም ይልቅ በሐሳብ እንሥራ የሚሉ ወጣቶች የተነሡበት ጊዜ ነው። ከእነርሱ አንዱ የእንግሊዝ አገር ሰው ኪት አርናት ነበር (1930–2008)። በ1969 ዘጠኝ ፎቶግራፎች አዘጋጀ። በመጀመሪያው አርናት ራሱ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሚቀጥለው እግሩ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ትከሻው እያለ ይሰጥማል፤ በመጨረሻው አፈሩ ብቻ ይቀራል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን እነዚህን ሥዕሎች በየምሽቱ፣ የተያዘውን ፕሮግራም አቋርጦ፣ ያላንዳች ማብራሪያ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያሳይ ነበር። እኛን ከሁሉ የሳበን ግን የሰውየው አቋቋም ነው። አፈር ሲውጠው እጁን አያወናጭፍም፤ ድረሱልኝ አይልም። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ እናውቃለን፤ በየወሩ አንድ ስንዝር በዕዳ ሲሰጥም «እንዴት ነህ?» ቢሉት «ደኅና ነኝ» የሚል።

ይኸው አርናት በ1972 አንድ ትልቅ ጽሑፍ ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶግራፍ ተነሣ። ጽሑፉ እውነተኛ የኪነ ጥበብ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ነው። ከጎኑ የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን «እውነተኛ» ስለሚለው ቃል የጻፈውን አኖረ። ፈላስፋው እንደሚለው ይህ ቃል ብቻውን ትርጕም የለውም፤ ትርጕም የሚያገኘው እውነተኛ ያልሆነው ነገር ሲታወቅ ነው፤ በዚህ ቃል ቤት ውስጥ ሱሪ የታጠቀው አሉታው ነው። አርናትም ሥራውን «የሱሪ ቃል» በሚል ስም ጠራው። በእኛ አገር ሱሪ መታጠቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ቀልዱ እጥፍ ይሆናል። እውነተኛ ነኝ የሚል ወረቀት ይዞ መቆም ያስፈለገው ሰው ተጠራጥሯል ማለት ነው። መጠጥ ቤት ጠረጴዛ እየደበደበ «እኔ ወንድ ነኝ!» የሚለውን ሰው አስቡት፤ ማን ጠየቀው?

አርናት ካረጀ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ደግሞ ላገቡት አንባቢዎቻችን የሚሆን ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ጆ ከቤት ስትወጣ ትናንሽ ማስታወሻ እየጻፈች ትተውለት ትሄድ ነበር፤ ይህን ብላ፣ ያንን አትርሳ፣ ቦቲ ጫማዬን የት አደረግኸው እያለች፤ ለአንዳንዱም ስድብ ጨምራበታለች። ሌላ ባል ቢሆን ወረቀቱን ጨብጦ ይጥለዋል፤ ጓደኞቹ እንዳያዩበትም ይጠነቀቃል። አርናት ግን አንድ በአንድ ሰብስቦ ከፍ አድርጎ ፎቶግራፍ አነሣቸውና በታላላቅ ትርኢት ቤቶች ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ስድቡን እንደ ኒሻን የሰቀለ ባል ከዚህ በፊት አላየንም። ሆኖም ጽሑፎቹን ተራ በተራ ላነበበ ሰው፣ ይህች ሴት ይህን ሰው ምሳ ሳይበላ እንዳይውል ስትጨነቅ እንደ ነበረች መረዳት አያዳግትም።

ከሆላንድ የመጣው ባስ ያን አደር ግን ሣቃችንን ያቆመናል። በ1942 ተወለደ፤ አባቱ የወንጌል ሰባኪ ሲሆኑ አይሁዶችን በቤታቸው በመሸሸጋቸው በ1944 ናዚዎች ገደሏቸው። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዐድጎ ወደ ሎስ አንጀለስ ከሄደ በኋላ በ1970 በጣራ ላይ ወንበር አኑሮ ተቀመጠና ከነወንበሩ ተንከባሎ ሲወድቅ ተቀረጸ። አምስተርዳም ውስጥም ብስክሌት እየነዳ ቀጥታ ወደ ቦዩ ውኃ ሲገባ ተቀረጸ። ያየ ሁሉ ይሥቃል፤ እኛም ሥቀናል። በዚያው ሰሞን ግን ሲያለቅስ የተነሣውን ፎቶግራፍ ፖስት ካርድ አድርጎ፣ ልነግርህ እስከማልችል ድረስ አዝኛለሁ የሚል ቃል ጽፎበት፣ ለወዳጆቹ በፖስታ ላከው። ምን እንዳሳዘነው አልገለጸም። ባያር የበደሉትን በስም ጠርቷል፤ አደር ማንንም አልጠራም።

በ1975 የበጋ ወራት አራት ሜትር በማይሞላ የሸራ ጀልባ ብቻውን ሆኖ ከአሜሪካ ጠረፍ ተነሣና አትላንቲክን ለመሻገር ጕዞ ጀመረ። ይህም የኪነ ጥበብ ሥራው ክፍል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጀልባው በአየርላንድ አቅራቢያ ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰምጫለሁ ብሎ የቀለደው ባያር 86 ዓመት ሲኖር፣ ይህኛው በ33 ዓመቱ ባሕር በላው። የሞቱን ምክንያት ከፖስት ካርዱ ላይ ለማንበብ መሞከር ልክ አይመስለንም፤ ባሕር ፈላስፋንም ዓሣ አጥማጅንም እኩል ነው የሚወስደው። ነገር ግን ፖስት ካርዱ በእጁ የገባ ሰው «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቢከትተው፣ ሥራው ራሱ እንዲህ ለማለት ስለሚመች ልንፈርድበት አንችልም። የቀልድ ጣጣው ይህ ነው፤ ለተናጋሪው መሸሸጊያ እንደሚሆን ሁሉ ለሰሚውም መሸሸጊያ ይሆናል።

ዛሬ ካሜራ በየሰዉ ኪስ ስለ ገባ እንደ ባያር ሬሳ ሆኖ መነሣት ከባድ አይደለም፤ ወጣቱም ይህን በየቀኑ ያደርገዋል። ከእኛ ጋር የተመረቀ አንድ ጓደኛችን ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ፣ ዲፕሎማውን ከነመስተዋቱ ትራስ አድርጎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ራስጌው ሻማ አብርቶ የተነሣውን ፎቶግራፍ በስልኩ ለወዳጆቹ ሁሉ አሰራጨ። ከሥሩም የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ክፍት የሥራ ቦታ ሲገኝ እንደሚፈጸም ጻፈ። ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ፤ ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። «ምን ሆነሃል?» ብላ የደወለችለት አዳማ የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ብቻ ነበረች። «ምንም አይደል፤ ቀልድ ነው» አላት። እርስዋ ግን በማግሥቱ ድርቆሽና በሶ ቋጥራ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። የበሰለ ምግብ ከቀመሰ ቀናት አልፈውት ኖሯል፤ እየበላ ሳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ከገዛ ክፍለ ዓለማችን አንድ ሰው ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ሳሙኤል ፎሶ በ1962 በካሜሩን ተወለደ፤ በናይጄሪያ ዐደገ፤ ከቢያፍራ ጦርነት በኋላ በማዕከላዊ አፍሪካ ዋና ከተማ በባንጊ ከሚኖር ጫማ ሠሪ አጎቱ ጋር ተጠጋ። በ1975፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የራሱን ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ቀን ደንበኞቹን ያነሣል፤ ማታ በፊልሙ ጭራ ላይ ጥቂት ሥዕል ከተረፈ እንዳይባክን ራሱን ያነሣበታል። ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጎ፣ ጥቍር መነጽር ሰክቶ እንደ ዘፋኝ ይቆማል። ከእነዚህም አንዳንዱን ደኅና መሆኑን እንድታይ ናይጄሪያ ላለችው አያቱ ይልክላት ነበር።

ፎሶ ዐድጎ ስሙ ከታወቀ በኋላ በ1997 ታቲ ለሚባለው የፓሪስ መደብር የሠራው ግን የወንድነትን ዕቃ ቤት ሙሉ በሙሉ የሚያስጎበኝ ነው። አንድ ጊዜ ጐልፍ ተጫዋች፣ አንድ ጊዜ የባሕር ወንበዴ፣ አንድ ጊዜ ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ ዋና ጠባቂ ይሆናል። ከሁሉ የታወቀው ሹሙ ነው፤ የነብር ቆዳ ደርቦ፣ አንገቱን በወርቅ አስጨንቆ፣ በበትረ መንግሥት ፈንታ የሱፍ አበባ ጨብጦ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ርእሱም አፍሪካን ለቅኝ ገዢዎች የሸጠው ሹም ይላል። በ2008 ደግሞ የጥቍር ሕዝብ ታላላቅ ሰዎችን ተመስሎ ሲነሣ፣ ከሉሙምባና በቀስት ተወግቶ ከቆመው ቦክሰኛ ከመሐመድ ዓሊ ጋር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም ሆኗል። ግርማው እንዳለ ነው፤ ሲያዩት ግን ግርማ ማለት ምን ያህል አገጭን ቀና የማድረግ ነገር እንደ ሆነ ይገባል።

ሰውየው ለምን ራሱን ብቻ ያነሣል ለሚሉ ሁሉ ፎሶ የሰጠው መልስ አጭር ነው። ሕፃን ሳለ እጅና እግሩ አይታዘዝለትም ነበር። በአካባቢው ሕፃናትን ፎቶግራፍ ማስነሣት ልማድ ሲሆን፣ አባቱ እንዲህ ላለው ልጅ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው ብለው ተዉት። የሕፃንነቱ ፎቶግራፍ የለም፤ ከ13 ዓመቱ ወዲህ ያለውን ግን ቈጥሮ መጨረስ ያስቸግራል።